ከእኛ በፊት የተመረቁት እህቶች የት ናቸው?



ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ የጀመዓችን እህቶች አዲስ ገቢዎችን የተቀበልንበትን ቀን ታስታውሱ ይሆናል። ከዐስር ሶላት በኋላ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ ቴምርና ሻይ ቀረበ። መተዋወቁ ሲያልቅ አንዲት ፍሬሽማን እጇን አወጣችና ሦስት ጥያቄ ጠየቀች። አንደኛ፣ ሲቪል ምህንድስና ብመርጥ በሒጃቤ ሳይት ላይ የሚቀጥረኝ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ሳይት ላይ ዙህርና ዐስር የሚሰገደው የት ነው? ሦስተኛ፣ ሥራው ክፍለ ሀገር ቢሆን ቤተሰብን እንዴት አሳምኜ እሄዳለሁ?

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከነበርነው ውስጥ ሲቪል ላይ ከፍ ያለ ዓመት የደረስኩት እኔ ነበርኩ። እኔ ግን አንድም ቀን ሳይት ላይ ውዬ አላውቅም። «ኢንሻአላህ፣ አላህ ያግራልሻል» አልኳት። ዱዓው ጥሩ ነው፤ የጥያቄዋ መልስ ግን አልነበረም። እሷም ገብቷታል። ጨዋ ስለሆነች ዝም አለች።

በሁለተኛው ሴሚስተር እኔ ራሴ ለኢንተርንሽፕ ወጣሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሕንፃ በሚሠራ ድርጅት ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን የሳይቱ ኃላፊ ሄልሜት በሒጃብ ላይ በደንብ እንደማይቀመጥ፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ተጠያቂው እሱ እንደሚሆን ነገረኝ። ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ የቀን ሠራተኞችን ስም ዝርዝር እንድጽፍ ተደረገ። አብረውኝ የመጡት ወንዶች ብረት ሲቆጥሩ፣ ኮንክሪት ሲሞላ ናሙና ሲወስዱ፣ ከፎርማኑ ጋር ፎቅ ሲወጡ እኔ ስም እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሰውየው በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። የከፋው እኔም ማመኔ ነው፤ አይሆንም ሲለኝ አይሆንም ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ አንድ እሁድ የዘመድ ሠርግ ላይ ከአንዲት እህት ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምን እንደምማር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሳቀችና «እኔም ከዚያው ዲፓርትመንት ነኝ» አለችኝ። ከብዙ ዓመት በፊት የተመረቀች፣ መንገድና ሕንፃ ላይ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። የደረሰብኝን ስነግራት አንድ በአንድ መለሰችልኝ። ከሒጃቡ ሥር የሚለበሰው ስስ ቆብ፣ ከዚያ ፒን የሌለው አጭር ሻሽ፣ ከዚያ ሄልሜቱ፤ የኋላውን ማጥበቂያ ማስተካከል፣ የአገጩን ማሰሪያ ማሰር። ሶላት ስቶር ውስጥ፤ የስቶር ጠባቂውን በመጀመሪያው ቀን ተዋወቂው አለችኝ። ክፍለ ሀገር ስትመደብ አባቷ አብሯት ሄዶ ማደሪያዋን አይቶ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰብ አልጠየቀም። የኢንተርንሽፕ ሥራ ዝርዝር ደግሞ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይጠየቃል። የጻፈ ሰው የሚመልስለት ያገኛል።

በማግስቱ የሥራ ዝርዝር እንዲሰጠኝ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ሄልሜቱን አስተካክዬ አድርጌ ኃላፊው ፊት ቆምኩ። በዚያው ሳምንት ኮንክሪት ሲሞላ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ያጣሁትን አንዲት እህት በሩብ ሰዓት መልሳልኛለች፤ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ሠርጉ ባይኖርስ? ወንበሬ ሌላ ቦታ ቢሆንስ? የፍሬሽማኗ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ነበራቸው። መልሱን የያዙት ከእኛ በፊት ተመርቀው የወጡ እህቶች ናቸው። እኛ እነሱን አናውቃቸውም፤ እነሱም እኛን አያውቁንም። እያንዳንዱ ባች ከዜሮ ይጀምራል። የዛሬው ጽሑፌ ሐሳብ ይኸው ነው፦ የተመረቁ እህቶቻችን ማኅበር ያስፈልገናል። የሚጀመረውም በአዳራሽና በዝግጅት አይደለም፤ በመዝገብ ነው።

ለምን በመዝገብ እንደምል አያቴ ታስረዳልኛለች። አያቴ ዕድሜዋን የኖረችው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። እኔም ቅዳሜና እሁድ ከእሷ ቤት ተነሥቼ ኑር መስጂድ አካባቢ መድረሳ እየሄድኩ ነው ያደግሁት። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ጎረቤቱ ተበተነ፤ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ከተማው ዳር፣ አንዱ ልጆቹ ጋ። አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ አላህ ይዘንላት። በሞተችበት ቀን ማን ይመጣል ብለን ተጨንቀን ነበር። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ የሚዞርበት መንደር የለም። የእድሩ ፀሐፊ ግን መዝገቡ እጃቸው ላይ ነበር። ስልክ ቁጥሮቹን እያዩ ከጠዋት ጀምሮ ደወሉ። ጀናዛው ሳይወጣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የድሮ ጎረቤት ደረሰ። ቤቱ፣ ግቢው፣ የጋራ ቧንቧው ሁሉ ሄዷል፤ መዝገቡ ግን ሰውን ሰበሰበ።

ግቢም እንደ ሰፈር ነው። ዶርሙን በየዓመቱ ለሌላ እንለቃለን። የጀመዓው አመራር ይቀየራል፣ የቴሌግራም ግሩፑ ይዘጋል። የሚቀረን የመዘገብነው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም እኛ ልንጀምረው የሚገባንን ነገር ከመቶ ዓመት በላይ የሠሩበት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁላችንም በስም የምናውቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኤም.አይ.ቲ. ነው።

እ.ኤ.አ. በ1870 ኤለን ስዋሎው የምትባል ሴት ኬሚስትሪ ልትማር ገባች። ከእሷ በፊት በዚያ ተቋም የተማረች ሴት አልነበረችም። የትምህርት ክፍያ አላስከፈሏትም። ደግነት ይመስላል። እሷም በገንዘብ ችግሯ የተደረገላት መስሏት ነበር። ኋላ እንደተረዳችው ግን ያላስከፈሏት፣ ሴት አስገባችሁ ተብለው ቢጠየቁ ተማሪያችን አይደለችም ለማለት እንዲመቻቸው ነበር። ትማራለች፣ ግን አልተቆጠረችም። እንዲያም ሆኖ በ1873 ዲግሪዋን ያዘች።

በ1876 የቦስተን የሴቶች ትምህርት ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ በኤም.አይ.ቲ. የሴቶች ላቦራቶሪ ተከፈተ። ኤለን እዚያ ያለ ደመወዝ አስተማረች። ብዙዎቹ ተማሪዎቿ የትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። ሴቶች ከወንዶች ጋር በመደበኛው ትምህርት መግባት ሲፈቀድላቸው ላቦራቶሪው በ1883 ተዘጋ፤ ሕንፃውም ፈረሰ። መልካም ዜና ነው፤ ከዳር ወደ መሃል ገቡ። ግን ደግሞ ወደ መሃል ሲገቡ የሚቀመጡበት፣ ምሳቸውን የሚበሉበት፣ የሚገናኙበት ቦታ አጡ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የንባብ ክፍል ተሰጣቸው። ክፍሉ በላቦራቶሪው ተምራ በ1882 በወጣትነቷ በሞተችው በማርጋሬት ቼኒ ስም ተሰየመ። ዩኒቨርሲቲው በ1916 ከቦስተን ወንዙን ተሻግሮ ወደ ካምብሪጅ ሲዛወር የክፍሉ ስምም አብሮ ተሻገረ። የማርጋሬት ቼኒ ክፍል ዛሬም አለ። አንድ ክፍልና አንድ ስም ብቻ ነው። የሚገናኙበት ቦታ ያላቸው ሰዎች ግን ይተዋወቃሉ።

በ1899 የተመረቁት ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ያችው በመዝገብ ልትቆጠር ያልተፈለገችው ኤለን ነበረች፤ በትዳር ስሟ ኤለን ሪቻርድስ። በዚያን ጊዜ እሷ የተቋሙ መምህርት ነች። የማሳቹሴትስን ወንዞችና የመጠጥ ውሃ በብዙ ሺህ ናሙና መርምራ፣ የውሃ ንጽሕና በቁጥር እንዲለካ ያደረገች ኬሚስት ነች። የአካባቢ ምህንድስና የምትማሩ እህቶች የምታሰሉት ነገር ሥሩ እዚያም ይደርሳል። እሷ በ1911 ሞተች፤ ማኅበሩ ግን አልሞተም። በኋላ የኤም.አይ.ቲ. የሴት ተመራቂዎች ማኅበር ተባለ፤ በአጭር ስሙ አሚታ ይሉታል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን ልለይ።

አንደኛው ስለ ገንዘብ ነው። ካትሪን ዴክስተር መኮርሚክ የምትባል ሴት በ1904 በባዮሎጂ ከዚያው ተመረቀች። ሀብታም ነበረች። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ወደ ተማረችበት ቤት ዞራ ስታይ ሴት ተማሪዎች ከወንዙ ማዶ በአንድ ቤት ያድራሉ፤ በክረምቱ ብርድና በረዶ ድልድዩን ተሻግረው ይመላለሳሉ። መጀመሪያ ያደረገችው ምን ይመስላችኋል? የታክሲ ሒሳባቸውን ከፈለች። ከዚያ በኋላ ነው ግቢው ውስጥ የሴቶች ማደሪያ ያሠራችው። መኮርሚክ ሆል በ1963 ተከፈተ። ከዚያ በፊት የሚገቡት ሴቶች ቁጥር በማደሪያ እጥረት የተገደበ ነበር፤ ማደሪያው ሲከፈት በሩም ሰፋ። እኔን የሚገርመኝ ማደሪያው ብቻ አይደለም፤ ታክሲው ነው። ማታ ከላይብረሪ ወጥታ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች እህት ምን እንደሚያስፈልጋት የሚያውቅ በዚያው ሰልፍ የቆመ ሰው ነው።

ሁለተኛው ስለ ቃል ነው። አሚታ በ1991 ያረፈችውን የተቋሙን ዲን ማርጋሬት ማክቪካርን ለማስታወስ አንድ የቃል ታሪክ ሥራ ያካሂዳል። አሠራሩ ቀላል ነው። አሁን የሚማሩ ሴት ተማሪዎች ድሮ የተመረቁትን ፈልገው ያነጋግሯቸዋል፤ ቃለ ምልልሱ ተቀርጾ፣ ተጽፎ በቤተ መዛግብት ይቀመጣል። ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ? ላብ ውስጥ ስንት ሴቶች ነበራችሁ? የመጀመሪያ ሥራሽን እንዴት አገኘሽ? ልጅ ስትወልጂ ሥራውን እንዴት አደረግሽው? ታሪኩ ለታሪክ ተመራማሪ ይጠቅማል። ከሁሉ በፊት ግን የሚጠቅመው ለጠያቂዋ ነው። አንዲት የ20 ዓመት ተማሪ አንዲት ትልቅ መሐንዲስ ፊት ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ትነሣለች። ያን ጊዜ ማኅበሩ ተተኪ አገኘ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። መድረሳ የቀራን ሁሉ «ከማን ነው የቀራኸው?» የሚለውን ጥያቄ እናውቀዋለን። የኔ ዑስታዛ ቁርኣንን ከማን እንደወሰደች፣ የእሷም መምህር ከማን እንደወሰዱ ትነግረን ነበር። ዕውቀት ሰንሰለት አለው፤ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ዕውቀቱ ይጠረጠራል። የቀደሙት ዑለማዎች ደግሞ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሴቶችን ጽፈው አስቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1497 ያረፉት ኢማም አስ-ሰኻዊ የዘመናቸውን ሰዎች ታሪክ በብዙ ጥራዝ ሲያሰባስቡ የመጨረሻውን ጥራዝ ለሴቶች ብቻ ሰጥተውታል፤ ከ1000 በላይ ሴቶች በስማቸው አሉበት። ያን ሁሉ ስም በብዕርና በቀለም መዝግበዋል። እኛ ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ መቅረጫ ይዘን ከዲፓርትመንታችን የተመረቁ ሦስት እህቶችን በስም መጥራት ያቅተናል። እውነቴን ነው፤ ይህን ጋዜጣ ከማንበብ ለአፍታ አቁሙና ሞክሩት።

«ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው» የሚል ካለ ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጥቂት የሕግ ምሩቅ ሴቶች ተሰባስበው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ማኅበሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች ነፃ የሕግ አገልግሎት ሰጠ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንዲመጣ ከተከራከሩት ቀዳሚው ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሴት ልጅ 15 ዓመት የነበረው የጋብቻ ዕድሜ በዚያ ሕግ 18 ሆነ። በአንድ ሙያ የተመረቁ ሴቶች ስለተሰባሰቡ፣ እነሱን ፈጽሞ የማታውቅ የገጠር ልጅ ሕይወት ተነካ።

የዚያው ማኅበር ታሪክ ሌላም ያስተምረናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳይቀበሉ ከለከለ። የማኅበሩም ሥራ በጣም ተቀዛቀዘ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። አዋጁ ትክክል ነበር ወይም አልነበረም የሚለው የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። ለእኛ ትምህርቱ፣ ከውጭ በመጣ ገንዘብ የቆመ ነገር የውጭው በር ሲዘጋ ይወድቃል የሚለው ነው። እድር በየወሩ ከአባሉ ኪስ በሚወጣ ጥቂት ብር ስለሚኖር ለጋሽ መጣ ሄደ አይለውም። የእኛም ማኅበር ሲጀመር እንደ እድር ይሁን። መጀመሪያ ስፖንሰር አንፈልግ፤ መዝገብ እንያዝ።

እስካሁን ያማከርኳቸው ሰዎች ሦስት ነገር አንሥተውልኛል። ሦስቱም ተገቢ ናቸው፤ አንድ በአንድ ልመልስ።

የመጀመሪያው፣ ጀመዓው የእህቶች ክፍል አለው፤ ሌላ ማኅበር ምን ያደርጋል የሚል ነው። የእህቶች ክፍል ብዙ ሠርቷል፤ አላህ ይቀበላቸው። ግን የተማሪ ክፍል ነው። የምታስተባብረው እህት ስትመረቅ የያዘችው ስልክ፣ የምታውቀው ሰው፣ የለመደችው አሠራር አብሯት ይወጣል። እኛ የጎደለን ከበሩ ወዲያ ያለው ነው።

ሁለተኛው ከወንድሞች የመጣ ነው፤ «ለምን ለሴቶች ብቻ? እኛስ ማኅበር አለን?» የሚል። ወንድሞቼ፣ አላችሁ። ስም ስላላወጣችሁለት አታዩትም እንጂ። ጁሙዓ ኑር መስጂድ ሰግዳችሁ ስትወጡ በሩ ላይ ትቆማላችሁ። አንዱ ኮንትራክተር ጋ ይሠራል፣ አንዱ ባለፈው ዓመት የተመረቀ ነው፣ አንዱ ፒያሳ ሻይ ልጋብዛችሁ ይላል። ሻዩ ሲያልቅ አንዱ የኢንተርንሽፕ ቦታ አግኝቷል። ማንም በደል አላደረገም፤ ደስም ይለናል። እኛ ግን መግሪብ ሳይደርስ ዶርም ወይም ቤት መግባት አለብን፤ በሩ ላይ ቆመን ሰው አንተዋወቅም። በዚያ ሻይ የሚገኘውን እኛ በመዝገብ እናግኘው ነው የምንለው።

ሦስተኛው ከራሳቸው ከተመረቁ እህቶች የመጣ ነው። «ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ አለ፤ ጊዜ የለንም። ደግሞም አንዳንዶቻችን ተመርቀን ቤት ነው ያለነው፤ ምን እንነግራችኋለን?» ይላሉ። የጊዜው መልስ ቀላል ነው፤ የምንጠይቀው በዓመት አንድ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ግን ልቤን ነክቶታል። ሥራ ያልያዘች እህት ከመዝገቡ ራሷን ታወጣለች። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ እሷ እንድትመዘገብ እፈልጋለሁ። የተሳካላቸውን ብቻ የሚጽፍ መዝገብ ማስታወቂያ ነው። እኛ መሐንዲሶች ነን፤ ከቆመው ድልድይ ይልቅ የወደቀው ብዙ እንደሚያስተምር በክፍል ተምረናል። ለምን ሥራ አላገኘሽም? ለምን ተውሽው? ወደሽ ነው ተገደሽ? ልጆችን ማሳደግ መርጣ ከሆነ ምርጫዋ ይከበራል፤ ታሪኳም ይጻፋል። በር ተዘግቶባት ከሆነ ደግሞ የትኛው በር እንደሆነ ማወቅ አለብን። ከእሷ ኋላ የምትመጣው ልጅ ያንኑ በር ነው የምታንኳኳው።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ ኢንሻአላህ፣ አራት ነገር እንጀምር።

አንድ፣ መዝገብ። ስም፣ ዲፓርትመንት፣ የተመረቀችበት ዓመት፣ አሁን የምትሠራው ወይም የምትኖርበት ሁኔታ፣ ስልክ። ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ማንም አይመዘገብም፤ የተመዘገበም ስልክ ባለቤቷ ሳትጠየቅ ለማንም አይሰጥም። መዝገቡን ሁለት እህቶች ይያዙ፤ አንዷ ተማሪ፣ አንዷ የተመረቀች። ተማሪዋ ስትመረቅ የመዝገቡ ርክክብ በፊርማ ይሁን።

ሁለት፣ ቃለ ምልልስ። እያንዳንዷ ተመራቂ ከመውጣቷ በፊት ከእሷ ቀድማ የተመረቀች አንዲት እህት ፈልጋ ለአንድ ሰዓት ታነጋግር። አብራት በአካል ትቀመጥ፤ ካልተቻለ በስልክ። ያችኛዋ ድምፅ መቀረጽ ካልፈለገች በማስታወሻ ይያዝ። ፈቃድ የሰጠችውን ያህል ብቻ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። አሥር ተመራቂ ቢኖረን በዓመት አሥር ታሪክ ነው፤ አምስት ዓመት ሲሞላው 50።

ሦስት፣ የታክሲ ሣጥን። የካትሪን መኮርሚክን ስም ልንሰጠው አያስፈልግም፤ ሐሳቧን ግን እንውሰድ። ደመወዝ የጀመረች እህት በየወሩ የቻለችውን ትጣል። ለኢንተርንሽፕ ሩቅ ሳይት የተመደበች ልጅ የመጀመሪያ ወር ትራንስፖርት፣ ወይም የመጨረሻ ፕሮጀክት ማሳተሚያ የጎደላት ልጅ ከዚያ ትወስዳለች። ስሟ አይነገርም። ሰደቀቱል ጃሪያ ስንል ሁልጊዜ የውሃ ጉድጓድ አይደለም። የተማረች ልጅ ሌላ ልጅ ታስተምራለች።

አራት፣ በዓመት አንድ ቀን። አዲስ ገቢዎች በሚመጡበት ሳምንት የተመረቁት ይምጡ። መድረክም ንግግርም አያስፈልግም። በዲፓርትመንት ተከፋፍለን፣ ክብ ሠርተን፣ እንጠይቃቸው።

ወንድሞች ምን እናድርግ ትሉ ይሆናል። እናታችሁ፣ እህታችሁ፣ አክስታችሁ ምህንድስና ወይም ሳይንስ ተምራ ከሆነ ስለዚህ መዝገብ ንገሯት። ኢንተርንሽፕ የወጣችሁበት ቦታ ሴት መሐንዲስ ካለች በአክብሮት ጀመዓው እንደሚፈልጋት አድርሱላት። የቀረውን እኛ እንሠራለን።

ምህንድስና በአዲስ አበባ በኮሌጅ ደረጃ ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 እዚሁ ከፒያሳ በእግር በሚደረስበት አምስት ኪሎ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ሆነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንት እህት ብቻዋን ላብ ገብታ፣ ብቻዋን ሳይት ወጥታ፣ ብቻዋን መልስ ፈልጋ አግኝታለች? ያገኘችው መልስ እሷው ጋ ቀርቷል። ጥፋቷ አይደለም፤ ማንም አልጠየቃትም።

ያችን ፍሬሽማን በዚህ ሰሞን አገኘኋት። አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ሲቪል መርጣለች። ሦስቱን መልሶች ነገርኳት፤ ስለ ቆቡ፣ ስለ ስቶሩ፣ ስለ አባትየው። አዳምጣ ስትጨርስ አራተኛ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «የእህቷን ስልክ ትሰጪኛለሽ?» ቆይ ላስፈቅድ አልኳትና ደወልኩ። እህቷ ፈቀደች፤ ስለ መዝገቡም ስነግራት «እኔን አስቀድመሽ ጻፊኝ» አለችኝ።

ጽፌያታለሁ። ቁጥር 1 ተይዟል። ቁጥር 2ን የምታውቁ የጀመዓው እህቶች ክፍል ጋ እንገናኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

እህታችሁ፣ ከሲቪል ምህንድስና 5ኛ ዓመት